የአፕ ፊርማ አሻራ (ሻ ዋን) ከየት ይገኛል? ከደሴና ከኮምቦልቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አንዱ ለመመረቂያ ፕሮጀክቱ አፕ ይሠራል፣ ሌላዋ ሰኞ ገበያ ላለ ሱቅ የዕቃ ማዘዣ ትሠራለች። ሁለቱም «በጎግል ግባ» የሚል ቁልፍ ሲጨምሩ ያው ቦታ ላይ ይቆማሉ፤ ፋየርቤዝ (ለአፖች ሎግኢንና ሌላም የሚሰጥ የጎግል አገልግሎት) «የሻ ዋን አሻራ አስገቡ» ይላቸዋል። ማታ ማታ ስልኬ ላይ ከሚመጡልኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ከዚህ የተነሡ ስለሆኑ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያለሁ። አብሽሩ፣ ነገሩ ግራ የሚያጋባው አንድ ነገር ስለማይነገር ነው፤ አሻራው የአፑ ሳይሆን አፑን የፈረመው ቁልፍ አሻራ ነው። ስለዚህ ሎግኢን እምቢ ባለ ቁጥር መጀመሪያ ጠይቁ፦ ስልኩ ላይ ያለውን አፕ የፈረመው የቱ ቁልፍ ነው?

አሻራ የሚሉት ነገር ምንድን ነው? ለምንስ ይጠይቁኛል?

አንድሮይድ ያልተፈረመ አፕ አይጭንም። ለሙከራ ስልካችሁ ላይ የምታስኬዱት እንኳ ሳታውቁት ተፈርሞ ነው የሚሄደው። የሚፈርመው ቁልፍ ኪይስቶር በሚባል ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ከቁልፉ ጋር ሰርተፊኬት አለ፤ ሰርተፊኬቱ በሒሳብ ቀመር ተጨምቆ የሚወጣው አጭር ቁጥር አሻራ ይባላል። ሻ ዋን 20 ጥንድ ፊደልና ቁጥር ነው፣ ሻ 256 ደግሞ 32 ጥንድ፤ ጥንዶቹ በሁለት ነጥብ ተለያይተው ይጻፋሉ።

የቅሬያችንን (የእድራችንን) ማኅተም አስቡ። ማኅተሙ ራሱ ሰብሳቢው ዘንድ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ ደብዳቤ ላይ ያረፈው ቅርጽ ግን ለማንም ይታያል። ኪይስቶሩ ማኅተሙ ነው፣ አሻራው ወረቀቱ ላይ ያረፈው ቅርጽ። ጎግል የመግቢያ ጥያቄ ሲደርሰው «ይህ በእርግጥ የተመዘገበው አፕ ነው?» ብሎ የሚያጣራው በፓኬጅ ስሙና በዚህ ቅርጽ ነው። ከሁለቱ አንዱ ካልገጠመ በሩን አይከፍትም።

የሙከራውን (የዲባግ) አሻራ በቀላሉ የማገኘው እንዴት ነው?

ፕሮጀክታችሁ ውስጥ ግሬድልደብልዩ የሚባል ፋይል አለ። በፍላተርና በሪአክት ኔቲቭ (ለአንድሮይድም ለአይፎንም አፕ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች) «አንድሮይድ» የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው የሚገኘው። ተርሚናሉን እዚያ ፎልደር ላይ ክፈቱና የፋይሉን ስም፣ ቀጥሎ ክፍት ቦታ፣ ቀጥሎ «ሳይኒንግሪፖርት» ብላችሁ ጻፉ። ሁለቱ ቃላት ይጣበቃሉ፤ ትልቅ ፊደል የሚሆነው የሪፖርት መነሻ ብቻ ነው። በዊንዶውስ ፓወርሼል ከሆነ ከፋይሉ ስም ፊት ነጥብና ወደ ኋላ ያጋደለ ሰረዝ መቅደም አለበት፤ በሊኑክስና በማክ ነጥብና ወደ ፊት ያጋደለው።

ረጅም ጽሑፍ ይዘረገፋል። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ሻ ዋን ቀድቶ ይሄዳል፤ ቆም በሉ። እያንዳንዱ ክፍል ከላይ «ቫሪያንት» (የአፑ ዓይነት፣ ለምሳሌ ዲባግ) እና «ስቶር» የሚሉ መስመሮች አሉት። «ስቶር» የሚለው አሻራው ከየትኛው ፋይል እንደወጣ ይነግራችኋል። ኋላ የምታገኙት ችግር ግማሹ ይህን መስመር ካለማንበብ የሚመጣ ስለሆነ ከአሻራው ጋር አብራችሁ ጻፉት።

ግሬድል ዳታዬን በላው፣ ገና አልጨረሰም። ሌላ መንገድ የለም?

አለ። ግሬድል (ያ ፋይል የሚያስነሣው፣ አፑን የሚገነባው ፕሮግራም) በአዲስ ኮምፒውተር ላይ መጀመሪያ ሲነሣ ራሱን ብቻ ለማውረድ ከ100 ሜጋባይት በላይ ይወስዳል፣ ላይብረሪዎቹ ሲጨመሩ ደግሞ ይብሳል። በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ሰው ይከብዳል። ኪይቱል ግን ኢንተርኔት የሚባል ነገር አይፈልግም፤ ከጃቫ ጋር አብሮ የሚመጣ ትንሽ ፕሮግራም ነው፣ ፋይሉን አንብቦ በሰከንድ ይመልሳል።

አጻጻፉ እንዲህ ነው፦ ኪይቱል፣ ከዚያ ሰረዝ ሊስት፣ ሰረዝ ቪ፣ ሰረዝ ኪይስቶር ብላችሁ የፋይሉን አድራሻ፣ ሰረዝ አሊያስ ብላችሁ የቁልፉን ስም። የዲባግ ኪይስቶሩ የሚገኘው በተጠቃሚ ስማችሁ ፎልደር ውስጥ፣ በነጥብ የሚጀምር «አንድሮይድ» የሚባል ፎልደር ውስጥ ነው። የፋይሉ ስም «ዲባግ ነጥብ ኪይስቶር»፣ የቁልፉ ስም «አንድሮይድዲባግኪይ»፤ ሁሉም በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ያለ ክፍት ቦታ።

«ኪይቱል የሚባል ትእዛዝ አላውቅም» ይለኛል።

ፕሮግራሙ አለ፣ ተርሚናሉ ነው የት እንዳለ ያላወቀው። ጃቫ ለብቻው አታውርዱ። አንድሮይድ ስቱዲዮ የተጫነበት ፎልደር ውስጥ «ጄቢአር» የሚል አለ፣ በውስጡ «ቢን»፤ ኪይቱል እዚያ ነው። ተርሚናሉን እዚያው ፎልደር ላይ ከፍታችሁ፣ እንደ ግሬድልደብልዩው ከፊቱ ነጥብና ሰረዙን አስቀድማችሁ፣ ትእዛዙን ጻፉ። የፋይል አድራሻው ውስጥ ክፍት ቦታ ካለ፣ ለምሳሌ የተጠቃሚ ስማችሁ ሁለት ቃል ከሆነ፣ አድራሻውን በትእምርተ ጥቅስ ክበቡት።

ፓስዎርድ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን ምንም ፓስዎርድ አላወጣሁም።

የዲባግ ኪይስቶር ፓስዎርድ በየትም ኮምፒውተር አንድ ነው፦ «አንድሮይድ»፣ በትንንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል። ስትጽፉ ምንም አይታይም፤ ኪቦርዱ የተበላሸ መስሏቸው የሚደውሉልኝ አሉ። ጻፉና ኢንተር በሉ።

በእኔ ላፕቶፕ ሲሠራ ይገባል፣ በጓደኛዬ ላፕቶፕ ሲሠራ አይገባም። ኮዱ ግን አንድ ነው!

ኮዱ አንድ ነው፣ ፈራሚው ግን ሁለት ነው። አንድሮይድ ስቱዲዮ የዲባግ ኪይስቶርን በየኮምፒውተሩ አዲስ አድርጎ ይፈጥራል። በቡድን ሦስት ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሦስት አሻራ አላችሁ። ፋየርቤዝ ለአንድ አፕ ብዙ አሻራ ስለሚቀበል የሁላችሁንም አስገቡ። ወይም አንዱን የዲባግ ኪይስቶር ተካፍላችሁ ሁላችሁም በእሱ ፈርሙ፤ የዲባግ ስለሆነ መካፈሉ ጉዳት የለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። የፍላተር አዲስ ፕሮጀክት፣ እናንተ እስክትቀይሩት ድረስ፣ ሪሊዙንም (ለተጠቃሚ የሚሰጠውን ቅጂ) የሚፈርመው በዲባግ ቁልፍ ነው። ፋይሉ ውስጥ «የራስህን ፊርማ እዚህ ጨምር» የሚል ማስታወሻ አለ፤ ማንም አያነበውም። ስለዚህ «ሪሊዝ ሠርቻለሁ» ብላችሁ የሪሊዝ አሻራ ስትፈልጉ የምታገኙት የላፕቶፓችሁን የዲባግ አሻራ ይሆናል። ሁለተኛው የሪአክት ኔቲቭ ነው፤ ፕሮጀክቱ ሲፈጠር የዲባግ ኪይስቶሩ «አንድሮይድ» ከዚያ «አፕ» በሚለው ፎልደር ውስጥ አብሮ ይመጣል። ይህ ፋይል ከተዘጋጀው ቅጂ የተገለበጠ ስለሆነ የብዙ ሰው የሪአክት ኔቲቭ ፕሮጀክት አሻራ አንድ ዓይነት ነው፣ ከአምስት ጀምሮ ኢ የሚከተለው። በሪአክት ኔቲቭ እየሠራችሁ ከተጠቃሚ ስማችሁ ፎልደር ያወጣችሁትን አሻራ ካስገባችሁ ትክክለኛ አሻራ ነው፣ ግን የዚህ አፕ ፈራሚ አይደለም።

ሻ ዋን ነው ሻ 256 የማስገባው?

ሁለቱንም። ለጎግል መግቢያ የሚፈለገው ሻ ዋን ነው። በስልክ ቁጥርና በኤስኤምኤስ ኮድ ለሚያስገባው የፋየርቤዝ መንገድ ሻ 256ም ያስፈልጋል፤ የድረ ገጽ ሊንክ ሲነካ በቀጥታ አፑን እንዲከፍት ለማድረግም እንደዚሁ ሻ 256 ነው። ሁለቱም አንድ ቦታ ላይ ተጽፈው ስለሚወጡ አንድ ጊዜ ቅዱ።

«ሻ ዋን ተሰብሯል ሲባል ሰምቻለሁ» የሚል ጥያቄ ይመጣል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ከጎግልና ከአምስተርዳሙ የሒሳብና የኮምፒውተር ምርምር ተቋም የመጡ ተመራማሪዎች አንድ ዓይነት ሻ ዋን ያላቸው ሁለት የተለያዩ ፒዲኤፎች ሠርተው አሳይተዋል። ሁለቱንም ፋይሎች ግን ራሳቸው ናቸው ያዘጋጁት። እናንተ ቀድማችሁ ለሠራችሁት ሰርተፊኬት ተመሳሳይ አሻራ ያለው ሌላ መፍጠር ከዚያ እጅግ የራቀ ሥራ ነው።

ከፕሌይ ስቶር ሲወርድ አይገባም፣ በቴሌግራም ከላክሁት ግን ይገባል። ለምን?

በጣም የምጠየቀው ይህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ከነሐሴ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አፕ ፕሌይ ስቶር ላይ የሚገባው በአፕ ባንድል (ጎግል የሚጫነውን ፋይል በሚያዘጋጅበት ጥቅል) መልክ ነው፤ ይህ ማለት የመጨረሻውን ፊርማ የሚያኖረው ጎግል ነው። እናንተ በራሳችሁ ቁልፍ ፈርማችሁ ትልካላችሁ፤ እሱ የመላኪያ ቁልፍ ይባላል፣ ሥራው «ይህን የላከው ባለቤቱ ነው» ማለት ብቻ ነው። ጎግል ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ስልክ የሚሆነውን ኤፒኬ (ስልክ ላይ የሚጫነውን የአፕ ፋይል) ያዘጋጅና በአፑ ፊርማ ቁልፍ ይፈርመዋል። ተጠቃሚው የሚያወርደው ያንን ነው፤ የእናንተ ቁልፍ ፊርማ እዚያ ላይ የለም።

ስለዚህ የዚያ አፕ አሻራ ላፕቶፓችሁ ላይ ብትፈልጉ አታገኙትም። የሚገኘው ፕሌይ ኮንሶል (አፕ ሠሪዎች አፓቸውን ወደ ፕሌይ ስቶር የሚልኩበት የጎግል ገጽ) ውስጥ ነው፤ አፑን ከፍታችሁ «አፕ ሳይኒንግ» የሚለውን ገጽ ፈልጉ። የምናሌው አቀማመጥ ሲቀያየር አይቻለሁ፣ ስሙ ግን በፍለጋ ይገኛል። እዚያ ሁለት ሰርተፊኬት ታያላችሁ፤ ላይኛው የአፑ ፊርማ፣ ታችኛው የመላኪያው። ወደ ፋየርቤዝ መሄድ ያለበት የላይኛው ነው። ታችኛውንም አስገቡት፣ ምክንያቱም በቴሌግራም የምትልኩት ኤፒኬ ብዙ ጊዜ በእሱ የተፈረመ ነው።

እኛ አገር ደግሞ ይህ ከሌላው ይልቅ ይጎላል። ደንበኛው ከፕሌይ ስቶር ከሚያወርድ ኤፒኬውን ከጓደኛው በቴሌግራም ወይም በዜንደር መቀበል ይቀናዋል፤ ዳታ ይቆጥብለታል። ያኔ አንድ ስም ያለው አፕ በሁለት ፊርማ ከተማው ውስጥ ይዞራል። ሎግኢኑ ለአንዱ ብቻ ይሠራል። ከዚያም ይብሳል፤ በቴሌግራም የጫነው ሰው ነገ ከፕሌይ ስቶር ላድሰው ቢል ፊርማው ስለማይገጥም ስልኩ «አፑ አልተጫነም» ይለዋል፣ አሮጌውን ካላጠፋ አይሆንለትም። አሻራዎቹን ሁሉ መመዝገብ ሎግኢኑን ይፈታል፣ ይህን ግን አይፈታም። የእኔ ምክር፣ አፑ ፕሌይ ላይ ከወጣ በቴሌግራምም የምታሠራጩት ጎግል የፈረመውን ኤፒኬ ይሁን፤ ፕሌይ ኮንሶል ውስጥ ካለው የባንድል ማሰሻ የተፈረመ ሁሉን አቀፍ ኤፒኬ ማውረድ ይቻላል። ያኔ ፊርማው አንድ፣ አሻራውም አንድ ይሆናል።

ስልኩ ላይ ያለው ኤፒኬ በየትኛው ቁልፍ እንደተፈረመ በምን ላውቅ?

ኤፒኬውን ራሱን ጠይቁት። አንድሮይድ ኤስዲኬ ውስጥ «ቢልድ ቱልስ» ከሚለው ፎልደር ኤፒኬሳይነር የሚባል ፕሮግራም አለ። ኤፒኬሳይነር፣ ቬሪፋይ፣ ሁለት ሰረዝ ፕሪንት ሰረዝ ሰርትስ፣ ከዚያ የፋይሉ ስም። አሻራዎቹን ያወጣላችኋል፤ በትንንሽ ፊደልና ያለ ሁለት ነጥብ ይጽፋቸዋል እንጂ ያው ናቸው። ኪይቱልም ኤፒኬ የማንበቢያ መንገድ አለው፣ ግን የድሮውን የፊርማ ዓይነት ብቻ ስለሚያይ የዛሬ አፖችን «አልተፈረመም» ሊላችሁ ይችላል። ያንን አትመኑት።

ከደንበኛ «አልገባ አለኝ» የሚል ስልክ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ኤፒኬውን እንዲልክልኝ ነው። ከመገመት ይህ ይቀድማል።

ሁሉንም አስገብቻለሁ፣ አሁንም ኤረር 10 ይለኛል።

ኤረር 10 ማለት ጎግል የላካችሁትን ከተመዘገበው ጋር ማገጣጠም አልቻለም ማለት ነው። 12500ም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው፤ በአዲሱ የመግቢያ መንገድ በክሬደንሻል ማናጀር ደግሞ 28444 ሆኖ ይመጣል። 12501 ካያችሁ ግን ተጠቃሚው ራሱ መስኮቱን ዘግቶታል ማለት ነው።

ፓኬጅ ስሙን ፊደል በፊደል አገጣጥሙ። የሚታየው በግሬድል ፋይሉ ውስጥ አፕሊኬሽን አይዲ የሚለው ነው፣ ኔምስፔስ የሚለው አይደለም። ለዲባግ ብቻ ከስሙ መጨረሻ ላይ ቅጥያ የሚጨምር መስመር ካለ፣ ያ ሌላ አፕ ሆኖ ነው መመዝገብ ያለበት። ቀጥሎ፣ አሻራ ከጨመራችሁ በኋላ ጎግል ሰርቪስስ የሚባለውን ጄሰን ፋይል እንደገና አውርዳችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ ተኩት፤ አሮጌው ፋይል አዲሱን አሻራ አያውቀውም። አፑን ከስልኩ አጥፍታችሁ ጫኑት። ኮዱ ውስጥ የምትሰጡት የደንበኛ መለያ (ክላየንት አይዲ) ደግሞ የዌቡ መሆን አለበት። የአንድሮይዱ ይመዘገባል እንጂ ኮድ ውስጥ አይጻፍም፤ ይህ ስንቱን ሰው ሌሊቱን ሙሉ አስቀምጦታል።

ሌላም አለ። አንድ ፓኬጅ ስምና አንድ ሻ ዋን አብረው በሁለት የጎግል ፕሮጀክት ውስጥ መኖር አይችሉም። ባለፈው ዓመት ሞክራችሁ የተዋችሁት የፋየርቤዝ ፕሮጀክት ካለ፣ ወይም የቡድን ጓደኛችሁ በራሱ አካውንት ቀድሞ መዝግቦት ከሆነ፣ አዲሱ «ይህ አለ» ብሎ አይቀበልም። መጀመሪያ ከዚያኛው አጥፉት። ኮምፒውተር ላብ ውስጥ አንድ የፓኬጅ ስም ከትምህርቱ ማስታወሻ ላይ ገልብጠው ለሚሠሩ የሪአክት ኔቲቭ ተማሪዎች ይህ በብዛት ያጋጥማል። ስሙን የራሳችሁ አድርጉት።

ፌስቡክ የሚጠይቀው ኪይ ሃሽስ?

ያው ሻ ዋን ነው፣ በሌላ አጻጻፍ። 20ዎቹ ጥንዶች ወደ ቤዝ 64 ሲለወጡ 28 ምልክት ይሆናሉ፣ መጨረሻው የእኩል ምልክት። ሻ ዋኑ ካላችሁ መለወጥ ብቻ ነው።

ለአይፎንስ?

የአሻራ ጣጣ የለም። እዚያ የሚመዘገበው የባንድል መለያው ነው።

አሻራዬን ግሩፕ ላይ ለጥፌዋለሁ። ተጠለፍኩ?

አልተጠለፋችሁም። ኤፒኬውን የያዘ ሁሉ አሻራውን ማውጣት ይችላል። የሚደበቀው የሪሊዝ ኪይስቶሩና ፓስዎርዱ ነው። እነሱን ጊትሃብ ላይ ከኮዱ ጋር ጭናችሁ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ፋይሉን በኋላ ማጥፋት አይበቃም፣ በኮዱ የለውጥ ታሪክ ውስጥ ይቀራል። ቁልፉን መቀየር ነው ያለባችሁ።

ኪይስቶሩ ጠፋብኝ። አሻራውን ይዤዋለሁ፣ ከእሱ መልሼ ማግኘት እችላለሁ?

አትችሉም። ወረቀት ላይ ካረፈ ቅርጽ ማኅተሙ አይመለስም።

አፑ ፕሌይ ላይ ከሆነና የፊርማውን ቁልፍ የያዘው ጎግል ከሆነ አብሽሩ። የጠፋባችሁ የመላኪያው ቁልፍ ብቻ ነው። የአካውንቱ ባለቤት በፕሌይ ኮንሶል እንዲቀየር ይጠይቃል፣ አዲስ ቁልፍ ፈጥራችሁ ሰርተፊኬቱን ትልካላችሁ። የተጠቃሚዎች አፕ ፊርማ ስለማይነካ ሎግኢናቸው አይሰበርም፤ የአዲሱን መላኪያ አሻራ ፋየርቤዝ ላይ መጨመር አትርሱ። ኤፒኬውን በራሳችሁ ብቻ ስታሠራጩ የነበረ ከሆነ ግን ያለው መንገድ አንድ ነው፦ በአዲስ ቁልፍ መፈረምና እያንዳንዱ ተጠቃሚ አሮጌውን አጥፍቶ አዲሱን እንዲጭን መለመን።

ይህን ከመጽሐፍ አይደለም የማውቀው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤቱን ጥሎ የወጣው ሰው ብዙ ነው፣ እኔም የምሠራበትን ላፕቶፕ ትቼ ወጣሁ። ስመለስ አልነበረም። ኮዱ ኢንተርኔት ላይ ስለነበር ተረፈ፤ ኪይስቶሩ ግን የነበረው እዚያ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር። አፑን ያሠራኝ ባለሱቅ ከዚያ ሁሉ መከራ ተመልሶ ሱቁን ገና እየጠረገ፣ ለየደንበኛው እየደወለ «የድሮውን አጥፉት፣ አዲስ እልክላችኋለሁ» ማለት ነበረበት። አንድም ክፉ ቃል አልወጣውም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን የእያንዳንዱ አፕ ኪይስቶር በሦስት ቦታ አለኝ፦ ላፕቶፔ ላይ፣ በተቆለፈ የኢንተርኔት ማስቀመጫ ውስጥ፣ እና ወልድያ እህቴ ዘንድ ባለ ፍላሽ ላይ። ፓስዎርዱ ከፍላሹ ጋር አይቀመጥም። የቁልፉን ስም፣ አሊያሱን፣ ለብቻው ጽፌዋለሁ፤ እሱም ይረሳል።